ታንኳው በወረቀት፣ ሐይቁ በኮምፒውተር፦ የእጅ ሥዕልንና ዲጂታልን አዋሕዶ አጭር አኒሜሽን መሥራት

ባሕር ዳር ላይ መብራት ሲጠፋ ሥራዬ አይቆምም። ወረቀቴን ይዤ መስኮቱ ጋ እቀመጥና ታንኳዬን መሳል እቀጥላለሁ። መብራት ሲመጣ ደግሞ የሳልኩትን ፎቶ አንስቼ ላፕቶፕ ውስጥ አስገባለሁ። ቀለም እቀባለሁ፣ ውሃውን አንቀሳቅሳለሁ። ግማሹ በእጅ፣ ግማሹ በኮምፒውተር። መጀመሪያ የገባሁበት ተቸግሬ ነው። አሁን ግን ሁሉም ነገር ቢሟላልኝ እንኳ ሌላ መንገድ አልመርጥም። በእርሳስ በተሳለ መስመር ውስጥ የሰው እጅ ይታያል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ያ እጅ እንዳይዝል ያግዘዋል።

ይህ መመሪያ የ20 ሰከንድ ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ምሳሌዬ በማለዳ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ነው። እንጅባራ ያለ ሰው ፈረሰኛ ሊሠራ ይችላል። ጮቄ ሥር ያለ ሰው በጉም ውስጥ የሚያርስ ገበሬ ቢሠራ ደስ ይለኛል። አሠራሩ አንድ ነው።

ምን ምን ያስፈልጋል

80 ግራም የሚባለው ተራ የኤ4 ወረቀት አንድ እሽግ ያዙ። ሳሳ ያለ ስለሆነ ብርሃን ሲበራበት ከሥር ያለው ሥዕል ይታያል። ኤችቢ እና 2ቢ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ የወረቀት መብሻ (ፓንቸር)፣ የውሃ ቀለም፣ ለቀለሙ የሚሆን ወፍራም ወረቀት። ስልካችሁ 12 ሜጋፒክሰል ካሜራ ካለው ይበቃል። ላፕቶፑ 8 ጊጋ ራም ቢኖረው ጥሩ ነው፤ በ4 ጊጋም እያዘገመ ይሠራል። የሥዕል ታብሌት ካላችሁ እሰየው። ከሌላችሁም አትጨነቁ፤ መስመሩ የሚሳለው በወረቀት ስለሆነ ቀለም ለመሙላት ማውዝ ይበቃችኋል።

ሶፍትዌሮቹ በነጻ የሚወርዱ ናቸው። እኔ ለማጽዳት፣ ለቀለምና ፍሬም ለመደርደር ክሪታን እጠቀማለሁ። ለመጨረሻው ቅንብር ኬደንላይቭ፣ ለድምፅ ኦዳሲቲ። ኦፕንቱንዝም አለ። የጃፓኑ ጂብሊ ስቱዲዮ ሲገለገልበት ከቆየው ቱንዝ ከሚባል የአኒሜሽን ፕሮግራም የመጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሁሉም ሰው ነጻ ተደርጓል። ለወረቀት ሥዕል በጣም ይመቻል፣ ለጀማሪ ግን ከበድ ይላል። ኢንተርኔት ደህና በሆነበት ቀን አንዴ ካወረዳችኋቸው ከዚያ በኋላ ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ።

እጅንና ኮምፒውተርን ማዋሐድ ያጣ ሰው መላ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዲዝኒ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው ረጅም ፊልም የሠዓሊዎቹን የእርሳስ መስመር በፎቶ ኮፒ ዘዴ በቀጥታ ወደ ግልጽ ፕላስቲክ አስተላልፏል። በ1990 ደግሞ ሥዕሉ በእጅ፣ ቀለሙ በሙሉ በኮምፒውተር የሆነ ፊልም አወጣ። ትልልቆቹም ቢሆኑ ወረቀቱን በአንድ ቀን አልጣሉም።

1. ማን ምን እንደሚሠራ መወሰን

የመጀመሪያው ሥዕል ከመሳሉ በፊት ሥራውን አከፋፍሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም በእጅ ይጀምርና ሲደክመው የቀረውን ለኮምፒውተር ይሰጣል። ያኔ ፊልሙ መሃሉ ላይ የተጣፈ ልብስ ይመስላል።

የኔ መለያ ቀላል ነው። ክብደትና ስሜት ያለውን እጅ ይሥራው። የሚደጋገመውንና የሚንሸራተተውን ኮምፒውተር ይሸከመው።

በዚህ መለያ ቀዛፊው፣ መቅዘፊያው፣ ታንኳውና መጨረሻ ላይ በሰማዩ የሚያልፈው ወፍ የእጅ ሥራ ሆኑ። ቀዛፊው ሲስብ ትከሻው ይከብደዋል። ያንን ክብደት በእርሳስ እንጂ በማውዝ አታገኙትም። የዘጌ ደን፣ ሰማዩና ደንገሉ በእጅ በውሃ ቀለም ይሳላሉ፣ የሚንቀሳቀሱት ግን በኮምፒውተር ነው። የውሃው ሞገድ፣ የታንኳው ነጸብራቅ፣ የማለዳው ጭጋግና የካሜራው ጉዞ ለኮምፒውተሩ ይሰጣሉ።

ይህንን በአንድ ገጽ ላይ ጻፉትና ጠረጴዛችሁ ፊት ለጥፉት። ሥራው መሃል ላይ ሲሰለቻችሁ ያ ገጽ ይጠቅማችኋል።

2. በፍሬም መቁጠር

ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ቋሚ ምስል ይሄዳል። 20 ሰከንድ ማለት 480 ፍሬም ነው። 480 ሥዕል ግን አንስልም። አንድ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ከቆየ በሰከንድ 12 ሥዕል፣ ለሦስት ፍሬም ከቆየ 8 ሥዕል ይበቃል።

እኔ ጣና ዳር ወርጄ ቀዛፊዎችን በስልኬ ሰዓት ለካሁ። አንድ ቀዘፋ ሁለት ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ሁለት ሰከንድ 48 ፍሬም ነው። በየሦስት ፍሬሙ አንድ ሥዕል ካልን 16 ሥዕል ይሆናል። ፊልሙን በሦስት ቦታ እንከፍለዋለን።

የመጀመሪያው 6 ሰከንድ ነው። ታንኳው ከሩቅ ይታያል። ትንሽ ስለሆነ እያንዳንዱ ሥዕል 4 ፍሬም ቢቆይም ዓይን አያውቀውም። 12 ሥዕል ይበቃል፣ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል።

ሁለተኛው 10 ሰከንድ ነው። ቀዛፊውን ከቅርብ እናየዋለን። 16ቱ ሥዕሎች አራት ጊዜ ይደጋገማሉ። በአምስተኛው ላይ ቀና ብሎ ወፉን ያያል። ለዚያ ሌላ 16 ሥዕል እንስላለን።

ሦስተኛው 4 ሰከንድ ነው። የጣና ትልቁ ነጭ ፔሊካን በሰማዩ ያልፋል። ክንፉን በአንድ ሰከንድ አንዴ ያርገበግባል። እያንዳንዱ ሥዕል ሁለት ፍሬም ይቆያል፣ ስለዚህ 12 ሥዕል።

በጠቅላላው 56 ወረቀት። በ480 ፈንታ 56። በቀን ስምንት ብትስሉ በሳምንት ትጨርሳላችሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለአምስተኛው ቀዘፋ ጭንቅላቱን ብቻ ቆርጬ በኮምፒውተር ላዞረው ብዬ ነበር። ስምንት ሥዕል ይቀንስልኛል ብዬ ነው። አንገቱ ላይ ስፌት ያለው አሻንጉሊት መሰለ። ሰው ቀና ሲል ትከሻውም ጀርባውም አብሮ ይነሣል። ሙሉውን ስላችሁ ተገላገሉ።

3. ወረቀቱ እንዳይነቃነቅ

ወረቀቶቹ ሁሉ በአንድ ቦታ ካልተያዙ ታንኳው በፊልሙ ላይ ይንቀጠቀጣል። ስቱዲዮዎች ለዚህ ልዩ መያዣ አላቸው። እኛ በፓንቸር እንሠራዋለን።

የተለመደው የቢሮ ፓንቸር ቀዳዳዎቹ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው፤ በመካከላቸው 8 ሴንቲ ሜትር አለ። ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በዚያው ርቀት ሁለት አጫጭር ለስላሳ ዘንጎች እንዲተክልላችሁ ለአናጢ ንገሩት። የተበሳ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሞክሩት። ብሎን አትጠቀሙ፤ ክሩ ቀዳዳውን ይበላዋል፣ ከአሥር ሥዕል በኋላ ወረቀቱ መወላወል ይጀምራል። ፓንቸሩንም አትቀያይሩ። ሙሉውን እሽግ በአንዱ ፓንቸር፣ ጎኑን በደንብ አስጠግታችሁ ብሱ።

ለብርሃን ጠረጴዛ የሥዕል ክፈፍ መስታወት በአራት መጽሐፍ ላይ አስቀምጡ። ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኑት፣ እጅ ይቆርጣል። ከሥሩ ቻርጅ የሚደረግ አምፖል አድርጉ፣ በላዩም ነጭ ወረቀት ጣል አድርጉበት፤ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል። መብራቱ ሲጠፋም አምፖሉ ይሠራል። ቀን ከሆነ የመስኮት መስታወት ያገለግላል፤ ግን እጅ ያደክማል።

4. መሳል

በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ 24 በ13.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክፈፍ አስምሩ። የሰፊ ስክሪን ቅርጽ ነው። አንዱን ወረቀት በደማቅ ቀለም አስምራችሁ ሁልጊዜ ከሥር ካደረጋችሁት በየወረቀቱ ማስመር አይጠበቅባችሁም።

መጀመሪያ ከ16ቱ የቀዘፋ ሥዕሎች ቁልፍ የሆኑትን አራቱን ሳሉ። 1፦ መቅዘፊያው ወደ ፊት ተዘርግቷል። 5፦ ውሃው ውስጥ ገብቷል፣ ጀርባው ጎብጧል። 9፦ ስቦ ጨርሷል። 13፦ መቅዘፊያው በአየር ላይ እየተመለሰ ነው። ከዚያ 3፣ 7፣ 11 እና 15ን። ከዚያ የቀሩትን በየመካከሉ።

መካከል ስል ግን በማስመሪያ የተለካ መሃል ማለቴ አይደለም። ውሃ ይከብዳል። ቀዛፊው መሳብ ሲጀምር ቀስ ይላል፣ ከዚያ ይፈጥናል። ስለዚህ 6ኛው ሥዕል ከ7ኛው ይልቅ ለ5ኛው ይቅረብ። መቅዘፊያው በአየር ሲመለስ ደግሞ ቀላል ነው፣ ርቀቱን ሰፋ አድርጉት። ታንኳውም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሲስብ ፊቱ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ከ9 በኋላ ቀና ብሎ ይንሸራተታል። ደንገል እንጨት አይደለም። ውሃ ይጠጣል፣ ይለጠጣል፣ ጭነት ሲበዛበት ወገቡ ይረግባል። ይህችን ትንሽ መርገብ በሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ አሳዩ። ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ታንኳውን ያምነዋል።

አራት አራት ወረቀት በጣቶቻችሁ መካከል ይዛችሁ እያገላበጡ ማየት ልመዱ። ስህተቱ እዚያው ይታያችኋል፤ ለዚህ ደግሞ መብራት አያስፈልግም።

ታንኳው የሚዞርበት ቦታ ካለ በግምት መሳል ያሳስታል። እኔ ከደረቀ ደንገል ቁራጭ አንድ ስንዝር የምታክል ታንኳ አሰርኩ። ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ትንሽ እያዞርኩ ፎቶ አነሣኋትና ፎቶዎቹን እያየሁ ሳልኩ። ብሌንደር የሚባለውን የ3ዲ ፕሮግራም የምትችሉ ቀለል ያለ የታንኳ ሞዴል ሠርታችሁ ማዞር ትችላላችሁ። ኮምፒውተሩ ልኩን ይስጣችሁ፤ መስመሩን ግን እጃችሁ ይጨርሰው።

ስለ ፊቱ አንድ ሐሳብ አለኝ። የጣና ገዳማትን ሥዕሎች ያየ ሰው ያውቃል። መስመሩ ደማቅ ነው፣ ቀለሙ ሳይደበዝዝ አንድ ወጥ ሆኖ ይሞላል፣ ዓይኑ ትልቅ ነው። ደጋግ ሰዎች በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፤ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሳላሉ። ይህ የሥዕል ቋንቋ ለአኒሜሽን እንዴት እንደሚመች ሳስብ ይገርመኛል። ደማቅ መስመርና ወጥ ቀለም ኮምፒውተር በቀላሉ የሚሞላው ነገር ነው። ቀዛፊዬ ወደ ጎን እየቀዘፈ እንኳ ሁለቱም ዓይኖቹ እንዲታዩ ፊቱን ትንሽ ወደ እኛ አዞርኩት። ያገሬ ሰው መሰለኝ። ቅዱሳት ሥዕላትን ግን ቀድታችሁ ገጸ ባሕርይ አታድርጉ። ለማጥናት ስትሄዱም አስፈቅዱ፣ ፍላሽ አጥፉ። የምንማረው ከአሣሣሉ ነው።

ሁሉንም ሥዕል ፊልሙ ላይ በሚታይበት መጠን ሳሉት። ከሩቅ የሚታየውን ታንኳ በትልቁ ስላችሁ በኮምፒውተር አታሳንሱት። መስመሩ ፀጉር ያህል ይቀጥንና ከሌላው ጋር አይገጥምም።

5. ወደ ኮምፒውተር ማስገባት

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ጉድ ሆኛለሁ። 40 ሥዕል ይዤ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ስካን አስደረግሁ። ማሽኑ እያንዳንዱን ወረቀት በራሱ ጊዜ ጠርዙን እየቆረጠና እያቃና አስገባው። ቤት ሄጄ ስከፍተው ታንኳው በማዕበል ላይ ያለ ይመስል ይዘላል። የአንድ ቀን ሥራ ፉርሽ ሆነ። በስካነር የምታስገቡ ከሆነ በራሱ የሚቆርጠውንና የሚያቃናውን አጥፉልኝ በሉ። 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ ግሬይስኬል በሚባለው ግራጫ፣ ሁሉም በአንድ መጠን። በዚህ ልክ 24 ሴንቲ ሜትሩ ክፈፍ 2835 ፒክሰል ገደማ ይሰጣል። ፊልሙ 1920 በ1080 ስለሆነ ትንሽ ጠጋ ብሎ ለማሳየት ቦታ ይተርፋችኋል።

አሁን እኔ በስልክ ነው የማስገባው። ባለ ዘንጉን እንጨት ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር አጣብቁ። ስልኩን በላዩ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ታች እንዲያይ እሰሩት፤ ሁለት ቁልል መጽሐፍና በላያቸው የተጋደመ ጣውላ ይበቃል። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በጥላ በኩል ያለ መስኮት ጥሩ ነው። ደመና የሚመላለስበት ቀን ግን ተዉት፤ አንዱ ሥዕል ደማቅ፣ ሌላው ጨለማ ይሆናል። ስክሪኑን ጫን ብላችሁ በመያዝ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ። ፍላሽ ይጥፋ። በጣት መንካት ስልኩን ስለሚያነቃንቀው የ2 ሰከንድ ማዘግያውን ተጠቀሙ። ክፈፉ ያለበትን ባዶ ወረቀት መጀመሪያ አንሡ፣ በኋላ ሁሉንም ለማስተካከል እሱ መለኪያ ይሆናችኋል።

ፋይሎቹን በሦስት አኃዝ ሰይሙ፦ ቀዛፊ 001፣ ቀዛፊ 002። ዝም ብላችሁ 1፣ 2 ካላችሁ አንዳንድ ፕሮግራም 10ን ከ2 በፊት ያስቀምጣል። በወረቀቱም ጥግ ላይ ያንኑ ቁጥር ጻፉ። ይህችን አትናቋት።

6. ማጽዳትና ቀለም

ክሪታ ውስጥ 1920 በ1080፣ በሰከንድ 24 ፍሬም የሆነ ፋይል ክፈቱ። የአኒሜሽን ፍሬም ማስገቢያው ሥዕሎቹ በየስንት ፍሬም ይቀመጡ ብሎ ይጠይቃል። ለቀዛፊው 3 በሉት።

ከዚያ ሌቭልስ በሚባለው ማስተካከያ ወረቀቱን ነጭ፣ እርሳሱን ጥቁር አድርጉ። እስከ መጨረሻው አትግፉት። እርሳሱ ላይ ያለው ሻካራነት ከጠፋ በወረቀት የሳላችሁበት ምክንያትም አብሮ ይጠፋል። ቀጥሎ ከለር ቱ አልፋ በሚባለው ማጣሪያ ነጩን አስወጡት። መስመሩ ብቻ ይቀራል።

ከመስመሩ ሥር አዲስ ሌየር (እንደ ግልጽ ወረቀት የሚደራረብ ንጣፍ) ክፈቱና ቀለም ሙሉ። መስመሩ ያልተገናኘበት ቦታ ካለ ቀለሙ ይፈሳል፤ ክፍተቱን በብሩሽ ዝጉ። ለቆዳ፣ ለልብስ፣ ለታንኳ አንድ አንድ ቀለም ብቻ። ጥላ ከፈለጋችሁ አንድ ተጨማሪ ጠቆር ያለ ቀለም። ከዚያ በላይ ካበዛችሁ በ32 ሥዕል ላይ ያንኑ መድገም አለባችሁ፣ ጥላውም ይንቀጠቀጣል።

ማሽናችሁ ከተጨናነቀ ሦስቱን ክፍሎች በሦስት የተለያዩ ፋይሎች ሥሩ።

7. ጀርባውን መሳል

ሰማዩን፣ የዘጌን ደንና የፊተኛውን ደንገል በሦስት የተለያዩ ወረቀቶች በውሃ ቀለም ሳሉ። ሦስቱ በተለያየ ፍጥነት ሲንቀሳቀሱ ሐይቁ ጥልቀት ያገኛል። እኔ በ6 ሰከንድ ውስጥ ሰማዩን አላንቀሳቀስኩትም። ደኑን 40 ፒክሰል፣ ደንገሉን 400 ፒክሰል ወሰድኩት። 400 ፒክሰል በክፈፋችን 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ደንገሉን ከክፈፉ 5 ሴንቲ ሜትር አሳልፋችሁ ሳሉት፣ አለበለዚያ መጨረሻ ላይ ነጭ ወረቀት ብቅ ይላል። ለዚህ ኤ3 ወረቀት ይሻላል።

ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ፎቶ አታንሡ፤ እርጥብ ቀለም ያንጸባርቃል። በክረምት ደግሞ ወረቀቱ ይጨማደዳል። አራቱን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ሰሌዳ ላይ አጣብቃችሁ ብትስሉ ተወጥሮ ይደርቃል።

8. ውሃውን

ውሃን ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ብትሠሩት ላስቲክ ይመስላል። ሙሉ በሙሉ በእጅ ብትሠሩት ደግሞ ዕድሜያችሁን ይበላል። እኔ በወፍራም ብሩሽና በቀለም አራት ወረቀት ላይ የሞገድ ጭረት ብቻ ሳልኩ። ሐይቁን እያየሁ፣ እጄን ፈታ አድርጌ። ከዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ሁለቱን በቀስታ ወደ ግራ፣ ሁለቱን በይበልጥ ቀስታ ወደ ቀኝ አንሸራተትኳቸው። ሲደራረቡ ጣና ተንቀሳቀሰ። በጣም ነው የተደሰትኩት።

ነጸብራቁ የኮምፒውተሩ ዋና ውለታ ነው። ቀለም የተቀባውን የቀዛፊ ሌየር ኮፒ አድርጋችሁ ወደ ታች ገልብጡት። ታንኳው ውሃውን የሚነካበት መስመር ላይ አጋጥሙት። ኦፓሲቲ የሚባለውን ድምቀቱን ወደ 35 ከመቶ አውርዱት። ትንሽ የሞገድ ማዛቢያ ጨምሩበት። የሞገዱን ጭረት ከላዩ አሳልፉ። በእጅ ቢሆን ሌላ 44 ሥዕል ነበር።

9. ሁለቱን ማዋሐድ

ሁሉንም ስትደራርቡት መጀመሪያ አያምርም። ቀዛፊው ከሌላ ፊልም ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ተስፋ አትቁረጡ፣ ሥራው ገና እዚህ ነው። የማያቸው ነገሮች አራት ናቸው።

መጀመሪያ ቀለም። የቀዛፊውን ቀለም ከቀለም ሰሌዳው አትምረጡ። ቀለም መምጠጫውን ይዛችሁ ከሳላችሁት ጀርባ ውሰዱ። ልብሱ ውስጥ የሰማዩ ግራጫ፣ ታንኳው ውስጥ የደንገሉ ቢጫ ይግባ። መስመሩንም ከጥቁር ወደ ተቆላ ቡና ቀለም ቀይሩት። በውሃ ቀለም በሳላችሁት ጀርባ ውስጥ ፍጹም ጥቁር የለም፣ ስለዚህ ጥቁር መስመር ዓይን ይወጋል።

ሁለተኛ ወረቀት። ባዶ የሥዕል ወረቀት ፎቶ አንሡና መልቲፕላይ በሚባለው አቀላቀል ከሁሉም በላይ አድርጉት፣ በ30 ከመቶ። ኮምፒውተር ላይ የተሞላው ቀለምም የወረቀት ገላ ያገኛል። ግን አንድ ወረቀት ብቻ ከተጠቀማችሁ ቀዛፊው ይንቀሳቀሳል፣ የወረቀቱ ሻካራ ባለበት ይቆማል። ሰውየው ከመጋረጃ ጀርባ ያለ ይመስላል። አራት የተለያዩ ወረቀቶች አንሡና በየ3 ፍሬሙ አቀያይሩ። ሥዕሉ በሚቀየርበት ልክ ማለት ነው።

ሦስተኛው ቁጥር ነው፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበትም እሱ ነው። ሥዕላችሁ በየ3 ፍሬሙ ይቀየራል። ኮምፒውተሩ ግን ጀርባውን በየፍሬሙ ያንቀሳቅሳል። ሁለቱ ካልተስማሙ ነገር ይንሸራተታል። ለታንኳ ችግር የለውም፤ ሥራው መንሸራተት ነው። መቅዘፊያው የሚረጨው ውሃ ግን ከታንኳው ጋር አብሮ መሄድ የለበትም፤ ከሐይቁ ጋር ይቀራል። ስለዚህ ርጭቱን በተለየ ሌየር አድርጋችሁ ከሞገዱ ጋር እሰሩት። ፈረስ ወይም እግረኛ የምትሠሩ ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ኮቴው መሬት በነካባቸው ፍሬሞች መሬቱም በዚያው በየ3 ፍሬሙ ይንቀሳቀስ። አለበለዚያ ፈረሱ በረዶ ላይ የሚሄድ ይመስላል።

አራተኛው ብርሃን ነው። ከሁሉም በላይ አንድ ሌየር ክፈቱና የማለዳ ቢጫ በስሱ ቀቡበት፣ ፀሐይ ከምትወጣበት በኩል ጠንከር አድርጋችሁ። በሩቁ ደንና በታንኳው መካከል ደግሞ ለስላሳ ነጭ ብሩሽ አሳልፉ፣ ጭጋጉ እሱ ነው። አንድ ብርሃን ሁሉንም ሲነካ ስፌቱ ይጠፋል።

የሚቆም ነገር ካለ፣ ለምሳሌ መልህቅ ላይ ያለ ሌላ ታንኳ፣ አንዱን ሥዕል ሦስት ጊዜ በብርሃን ጠረጴዛ ገልብጡና ሦስቱን እያፈራረቁ አሳዩ። መስመሩ ይተነፍሳል። ከሚንቀሳቀሰው አጠገብ የሞተ አይመስልም።

10. ድምፅና ማውጣት

ድምፁን ከጎናችሁ ካለው ቅዱ። የቀዘፋውን ድምፅ በመታጠቢያ ሳፋ በእንጨት ማማሰያ ሠራሁት። የወፎቹን ከሐይቁ ዳር በስልክ፣ ገና መኪና ሳይበዛ በማለዳ። የመቅዘፊያው ድምፅ 5ኛው ሥዕል ላይ ይውደቅ፤ በፍሬም ቆጠራ 13ኛው ላይ ነው።

ፊልሙን ስታወጡ በቀጥታ ቪዲዮ አታድርጉት። መጀመሪያ በተከታታይ ምስል አውጡ፣ 480 ፒኤንጂ። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋና ባትሪው ቢያልቅ እስከዚያ የወጡት ምስሎች ይቀራሉ፤ ካቆመበት ትቀጥላላችሁ። ቪዲዮ ሆኖ ሲወጣ ከተቋረጠ ግን ብዙ ጊዜ ፋይሉ አይከፈትም። ከዚያ ምስሎቹንና ድምፁን ኬደንላይቭ ውስጥ አገናኙ። ኮፒውን ፍላሽ ላይ አስቀምጡ።

ፊልሙን መጀመሪያ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። እኔ ላፕቶፔን ይዤ ሐይቁ ዳር አንድ ሽማግሌ ቀዛፊ ጋ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ሦስተኛው ላይ «መቅዘፊያው ቶሎ ወጣ ልጄ፤ እኛ እስከ ኋላ ጎናችን ድረስ ነው የምንስበው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ቤት ተመልሼ ከሁለቱም የቀዘፋ ዙር 9ኛውንና 10ኛውን አወጣሁ። አራት ወረቀት። መብራት አልነበረም። መስኮቱ ጋ ተቀምጬ መቅዘፊያው ውሃው ውስጥ እንዲቆይ አድርጌ እንደገና ሳልኳቸው። ማታ መብራት ሲመጣ በቁጥራቸው ቦታቸው ላይ ተካኋቸው፣ ቀለሙንና ነጸብራቁን አደስኩ። በማግስቱ ጠዋት ተመልሼ ለሽማግሌው አሳየኋቸው።